የልዕልት ፀሐይ የሕይወት ታሪክና የሴት ልጅ የትምህርት ምርጫ

በየዓመቱ የ10ኛ ክፍል ትምህርት ሲፈጸም በእያንዳንዳችን ፊት አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ይኸውም የተፈጥሮ ሳይንስ ትማራላችሁ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ነው። ጥያቄው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። መልሱ ግን በቤት ውስጥ ሲመከርበት አንድ አይሆንም። ወንድ ልጅ በሒሳብ ቢደክምም እንኳ መሐንዲስ ትሆናለህ እየተባለ ይበረታታል፤ ሴት ልጅ ግን በፊዚክስ ከክፍሏ አንደኛ ብትወጣም ይከብድሻል፤ ትዳርሽንም ያዘገይብሻል እየተባለች ትመከራለች። እንዲህ የሚመክሯት ጠላቶቿ አይደሉም፤ የሚወዷት እናቷ፥ አክስቷና አያቷ ናቸው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የሚለውን የቆየ ተረት እነርሱም ከእናቶቻቸው ሰምተውታል።

ይህን ነገር ሳስብ አንዲት ሴት ትዝ ይሉኛል። እኒህ ሴት የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሳሉ የሕመምተኛ አልጋ ማንጠፍን የተማሩ፥ ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ ሀገራቸው ከገቡ በኋላም ብዙ ሳይቈዩ በ22 ዓመታቸው ያረፉት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ያረፉትም በቡራዩ በኩል አልፎ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በአምቦ አድርጎ ወደ ወለጋ በሚዘልቀው መንገድ ጫፍ፥ በያኔዋ ልቀምት በዛሬዋ ነቀምቴ ነው። በዚህ መንገድ ዳር የምንኖር፥ በሰበታና በሱሉልታም ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ታሪካቸውን ብናውቅ ስለ ትምህርት ምርጫችን የምናስብበት ነገር እናገኝበታለን ብዬ አምናለሁ።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ናቸው። እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ሲሆኑ በእናታቸው በኩል የወሎው የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። እቴጌ መነን ራስ ተፈሪን በ1903 ዓ.ም. ከማግባታቸው አስቀድሞ እንደ ዘመኑ ልማድ ገና በልጅነታቸው ተድረው፥ ልጆችም ወልደው ነበር። በዚያ ዘመን የታላላቅ ሰዎች ሴት ልጅ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ነገር ብቻ አልነበረም፤ ሀገርን ከሀገር፥ ቤትን ከቤት የሚያስታርቅ ውል ነበር። ልጅቱ ምን መማር ትፈልጊያለሽ ተብላ የምትጠየቅበት ዕድሜ ሳይደርስ የምታገባው ሰው ይታወቅ ነበር።

የልዕልት ፀሐይ ታላላቅ እኅቶች ዕጣም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልዕልት ተናኜወርቅ ገና በልጅነታቸው ለደስታ ዳምጠው፥ ኋላ ራስ ለተባሉት ታላቅ አርበኛ ተዳሩ። በ2 ዓመት ያህል የሚበልጧቸው ልዕልት ዘነበወርቅም በ1924 ዓ.ም. ከትግራይ መሳፍንት ወገን ለሆኑት ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ። ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ መቀሌ ከሄዱም በኋላ 2 ዓመት ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1926 ዓ.ም. በ16 ዓመታቸው አረፉ። የታናሽቱ እኅት ዕድሜ ያን ጊዜ 14 ዓመት ነበረ። ነገሩ በተለመደው መንገድ ቢቀጥል ተራው የእርሳቸው ነበር።

ሆኖም እነዚያ ዓመታት የሴት ልጅ ትምህርት በሀገራችን ገና የሚጀመርባቸው ዓመታት ነበሩ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲከፈት የታሰበው ለወንዶች ነው፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንዲሁ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን እቴጌ መነን በራሳቸው ስም የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ራሳቸው በልጅነታቸው የተዳሩ እናት ለሌሎች ሰዎች ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ማቆማቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ቋንቋና የቀለም ትምህርት ከእጅ ሥራ ጋር ይሰጥ ነበር። ወላጆች ሴት ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ለመስደድ የሚፈቅዱት ስፌቱንና የቤት አያያዙን አይተው ነበረና፥ ፊደሉ ከመርፌው ጋር አብሮ ገባ ማለት ይቻላል።

ልዕልት ፀሐይ በቤተ መንግሥት ውስጥ የውጭ ሀገር ቋንቋዎችን ተምረው አደጉ። ዕድሜያቸው 16 ዓመት በሞላበት ወራት ግን የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሀገራችንን ወሰን ጥሶ ገባ። በአዲስ አበባ የነበሩ ሴቶችም በማኅበር ተሰብስበው ለዘማቹ ሠራዊት የቁስል መጠቅለያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ወጣቷ ልዕልት በዚህ ሥራ ከፊት ከቆሙት መካከል ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ኋላም የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱና በባላገሩ ላይ ፈሰሰ። በሀገሩ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ፥ ከእነርሱም አብዛኞቹ የውጭ ሀገር ሰዎች ነበሩ። ቁስለኛው ብዙ፥ ቁስል ማጠብ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጦርነት ጊዜ ስንቅ መሸከም፥ ውኃ ማቀበል፥ የቈሰለውን ማንሣት የኢትዮጵያ ሴቶች የቆየ ሥራ ነው፤ በዐድዋ ጦርነት እቴጌ ጣይቱ ያሰለፏቸው ሴቶች ውኃ ሲያቀብሉ እንደ ዋሉ የታወቀ ነው። በመንደርም የምጥ ጊዜ የምትጠራው የልምድ አዋላጅ ሴት ናት። በዘመናዊ ሆስፒታል ውስጥ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ቁስል የሚያጥቡትና መርፌ የሚወጉት ድሬሰር የሚባሉ ወንዶች ነበሩ። የጨዋ ልጅ የማታውቀውን ሰው ገላ መንካት፥ ደምና ንጽሕና የጐደለውን ነገር በእጇ መያዝ እንደ ነውር ይቈጠርባት ነበር። ሥራው በቤቷ ሲሆን ግዴታዋ፥ ደመወዝና ማዕረግ ባለው ቦታ ሲሆን ግን ነውሯ ሆነ ማለት ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደው ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጡ። ልዕልት ፀሐይም እንግሊዝኛ ያውቁ ስለ ነበር አባታቸው ከእንግዶች ጋር ሲነጋገሩ ያስተረጕሙ ነበር። ስደት ክፉ ነገር ነው። ለእኒህ ልጃገረድ ግን አንድ ያልታሰበ በር ከፈተ፤ በስደት ያለ ንጉሥ ልጁን ድሮ የሚያስታርቀው አውራጃ የለውምና የጋብቻው ነገር ዘገየ። ልዕልቲቱም እኅቶቻቸው ያላገኙትን ጊዜ አገኙ። በዚህም ጊዜ የነርስነት ትምህርት ለመማር ወሰኑ።

የገቡትም በለንደን ከተማ በ1852 በአውሮፓ አቈጣጠር በተቋቋመው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ ለመሆን የምትማር ልጅ ኑሮዋ ቀላል አልነበረም። በሆስፒታሉ መኖሪያ ታድራለች፤ በማለዳ ትነሣለች፤ ወለል ትጠርጋለች፥ አልጋ ታነጥፋለች፥ ሕመምተኛ ታጥባለች፥ የሽንት ዕቃ ትደፋለች። ከዚህ በኋላ የሰው አካል አሠራርን፥ የጤና አጠባበቅንና የሕመምን ዓይነት ትማራለች፤ በመጨረሻም በመንግሥት ፈተና ትፈተናለች። በሀገራቸው አገልጋዮች የሚሠሩላቸው የነበሩት ልዕልት ይህን ሁሉ በሦስት ዓመት ውስጥ ፈጸሙ። ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ልዕልት ፀሐይ ነርስነትን የመረጡት ሙያውን ወደውት ነው፥ ወይስ ለሴት የተከፈተው በር እርሱ ብቻ ስለ ነበረ ነው? ልባቸውን ማየት አንችልም። በዙሪያቸው የነበረውን ግን ማየት እንችላለን። የእንግሊዝ አገር ሰው በሴት ትምህርት ከእኛ ቀድሞ የሄደ ቢሆንም በዚያም ልማድ አጥር ሠርቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከለንደን የሐኪሞች ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ሴት አይቀበሉም ነበር፤ ሐኪም ለመሆን የምትሻ ሴት በዋናነት የምትሄደው ለሴቶች ተብሎ ወደ ተለየው ትምህርት ቤት ነበር። ነርስነት በአንጻሩ የሴት ነው ተብሎ ነበር። በ1919 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣው የነርሶች ሕግ ዋናውን መዝገብ ለሴቶች አድርጎ ወንዶች ነርሶችን በሌላ ተጨማሪ መዝገብ ያስጽፍ ነበር። እንግዲህ በእኛ ሀገር ቁስል አጣቢው ወንድ፥ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሴት ነበረች። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ሀገር የወንድ፥ በሌላው የሴት ከተባለ፥ ወንድ ወይም ሴት ያደረገው ሥራው ራሱ ሳይሆን የሀገሩ ልማድ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ማለቴ የልዕልቲቱን ምርጫ ለማሳነስ አይደለም። ይልቁንም ምርጫቸው ሁለት አጥሮችን እንደ ነካ ለማሳየት ነው። የእንግሊዝን አጥር ሳያፈርሱ ለሴት በተፈቀደው በር ገቡ። የኢትዮጵያን አጥር ግን አለፉት። የጨዋ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ አትሠራም የሚለውን አሳብ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በእጃቸው ሠርተው ሐሰት አደረጉት።

በመዝገብ ከተጻፉ ከ9 ቀን በኋላ፥ ነሐሴ 28 ቀን 1931 ዓ.ም.፥ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። ልዕልት ፀሐይም በጋይስ ሆስፒታል ተጨማሪ ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በድል ከተመለሱ በኋላ ልዕልቲቱም ወደ ሀገራቸው ገቡ። ዕውቀታቸውን ለኢትዮጵያ እናቶችና ሕፃናት ለማዋል ያስቡ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክሩላቸዋል። ሀገሪቱ በዚያን ጊዜ ከአምስት ዓመት መከራ የወጣች ነበረች። የተማሩ ብዙ ወጣቶች በግራዚያኒ ዘመን ተገድለው ነበር። በመንግሥት ፈተና አልፋ ነርስ የሆነች ኢትዮጵያዊት እንደ ልዕልት ፀሐይ ያለች ማግኘት አስቸጋሪ ነበረ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ባለቤታቸው የወለጋ አገረ ገዥ ስለ ነበሩ ሙሽራይቱም ወደ ልቀምት አብረው ሄዱ። ያ መንገድ ዛሬ በቡራዩ በኩል አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው። በ1934 ዓ.ም. ግን ከአዲስ አበባ ልቀምት መድረስ ረጅም ጉዞ ነበር፤ በክረምት ደግሞ ጭቃውና ወንዙ መንገደኛን ያግድ ነበር። ከአራት ወር በታች ቈይተው በዚያው ክረምት፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ ከእርግዝና በመጣ ሕመም ምክንያት በ22 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፥ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ስፍራ በክብር ተቀበረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እኒህ ሴት የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ ገንዘብም ክብርም አልጐደለባቸውም። ራሳቸው የሕክምና ትምህርት የተማሩ ነበሩ፤ የሚደርስባቸውን ነገር ከአጠገባቸው ካሉት ብዙ ሰዎች ይልቅ ሳያውቁት አይቀሩም። ነገር ግን ነርስ ራሷን አታዋልድም። በክፍለ ሀገር ሁሉ የሠለጠኑ አዋላጆችና ሴት ሐኪሞች የሚገኙበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር። የሴት ልጅ ሳይንስ መማር የቅንጦት ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር የልዕልት ፀሐይን ሞት ያስብ። ለእርሳቸው ሳይደርስ የቀረ እርዳታ በየጎጆው በምጥ ለተያዘችው ባላገር እንዴት ሊደርስላት ይችል ነበር?

ወዳጆቻቸው ሐዘናቸውን በልቅሶ ብቻ አልተዉትም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባሉት እንግሊዛዊት የኢትዮጵያ ወዳጅ በልዕልቲቱ ስም መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። እኒህ ሴት በወጣትነታቸው የሥዕል ተማሪ ነበሩ። ኋላ ግን ለእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት ብዙ ጊዜ ታስረዋል፤ ኢትዮጵያ ስትወረርም ስለ እርስዋ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁመዋል። በመጨረሻ በ1956 በአውሮፓ አቈጣጠር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ በ1960 ሲያርፉም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ተቀበሩ። ያሰቡት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1951 በአውሮፓ አቈጣጠር ሥራ ጀመረ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ዛሬ ያ ሆስፒታል በጦር ኃይሎች ሆስፒታልነት ያገለግላል።

በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ባልና ሚስት የማኅፀን ሐኪሞች፥ ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፥ በዚሁ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ምጥ በዝቶባቸው ሐኪም ሳያገኙ የቀሩ፥ ከዚህም የተነሣ በፊስቱላ ሕመም ተይዘው ከሰው የተለዩ ሴቶችን አዩ። ለእነርሱም ኋላ በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም መባቻም ከገጠር የሚመጡ ልጃገረዶች አዋላጅነትን የሚማሩበት ኮሌጅ ተከፈተ። እንግዲህ በወሊድ ጉዳይ በሞቱት ልዕልት ስም የተሠራው ቤት ሌሎች ሴቶችን ከወሊድ ሞትና ስብራት ለማዳን የሚሠሩ ሰዎች የተነሡበት ቤት ሆነ። በ22 ዓመት የተቈረጠ ዕድሜ ይህን ያህል ፍሬ ማፍራቱ የሚያጽናና ነው።

ነገር ግን የመልካም ሰው ምሳሌ እንኳ በልማድ እጅ ሲገባ ጠባብ ይሆናል። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ሴት ልጅ ተምራ ልትሠራ ብትፈልግ ነርስ፥ አስተማሪ ወይም የጽሕፈት ሥራ ሠራተኛ ብትሆን ይበቃታል የሚል አሳብ በከተሞቻችን ተስፋፋ። ትናንት ነውር የነበረው ነርስነት ዛሬ ለሴት ብቻ የተፈቀደ ሆነ። አጥሩ አልፈረሰም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ። በዚያው በልቀምት መንገድ ላይ ከምትገኘው ከአዲስ ዓለም የተወለዱት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ግን በስዊዘርላንድ ተምረው፥ በአርበኝነት ዘምተው፥ በኢጣልያ አዚናራ ደሴት ታስረው፥ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ፤ በ1957 በአውሮፓ አቈጣጠርም ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጡ። የሁለቱ ሴቶች መንገድ አንድ አልነበረም፤ አንድ መሆንም አያስፈልገውም ነበር።

በእኛም ዘመን ይህ ነገር አላለቀም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠልጥነው ተሠማርተዋል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ 10ኛ ክፍልን የፈጸሙ ሴቶች ነበሩ። ሴቶች የተመረጡበት አንዱ ምክንያት በየቤቱ ገብቶ እናቶችን ለማነጋገር ልማዱ የሚፈቅደው ለሴት በመሆኑ ነው። ሥራቸው ብዙ እናቶችንና ሕፃናትን ጠቅሟል፤ ሊመሰገኑም ይገባል። ሆኖም ልማድ የከፈተው በር መልካም መሆኑ፥ ልማድ የዘጋው በር ተዘግቶ እንዲቀር ምክንያት አይሆንም። ነርስ የምትሆነው ልጅ ሐኪም ለመሆን አሳብ ኖሯት ይከብድሻል ተብላ የተመለሰች ከሆነች ጉዳቱ የእርስዋ ብቻ አይደለም፤ እርስዋ ልትረዳው ትችል የነበረው ሕመምተኛም ተጐድቷል።

ወንዶች ወንድሞቻችንም ይህን ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለው እንዳያልፉት እለምናለሁ። ነርስ ወይም አዋላጅ እሆናለሁ ያለ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲሣቅበት አይተናል። የምኒልክ ሆስፒታል ድሬሰሮች ወንዶች እንደ ነበሩ ቢያውቁ ኖሮ ሣቂዎቹ ምን ይሉ ይሆን? ሴትን ከመሐንዲስነት የሚያርቃት አጥር ያው ወንዱን ከአዋላጅነት የሚያርቀው ነው።

ወላጆቻችንም ሆይ፥ ፍርሃታችሁ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ትምህርቱ ሲረዝም ልጃችን ሳታገባ ትቀራለች፤ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ አንድ ነገር ይደርስባታል ብላችሁ ትሠጋላችሁ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ልዕልት ዘነበወርቅ በጊዜው ተድረው በ16 ዓመታቸው እንዳረፉ አስቡ። ልዕልት ፀሐይም የተማሩት ጊዜ ስላገኙ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜም የሰጣቸው ስደት እንጂ የሰው ፈቃድ እንዳልነበረ አስቡ። ለልጆቻችሁ ያንኑ ጊዜ ለመስጠት ስደት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በምሽት ሴት ልጅ እንጀራ ስትጋግርና ዕቃ ስታጥብ ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥበትን ልማድ ለውጦ ሁለቱንም እኩል ሰዓት ማስጠናት በማንኛችንም ቤት ሊጀመር ይችላል።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። በቤተ ሙከራ ሥራ ጊዜ ወንዶች ዕቃውን ይዘው ሲሠሩ ሴቶች ጽሑፍ ብቻ የሚመዘግቡበት ልማድ በብዙ ክፍል ይታያል። እጅ ያልነካው ነገር ለአእምሮ እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሴቶች ፊዚክስ አይወዱም ማለት መሶቡን ከድኖ እንግዳው አልበላም እንደ ማለት ነው።

በመጨረሻ እኅቶቼ ሆይ፥ ይህ ታሪክ ሁላችሁም ነርስ ሁኑ አይልም፤ ሁላችሁም ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሁኑም አይልም። ታሪክ ወይም ሕግ ወይም ቋንቋ የምትወድ ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስን ብትመርጥ መርጣለችና ደስ ይበላት። ታሪኩ የሚለው ይህን ነው፤ ጥያቄው በፊታችሁ ሲቀርብ መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን የመረጥሁት እኔ ነኝ ወይስ ተረቱ ነው ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ልዕልት ፀሐይ የተማሩትን ለመሥራት የተሰጣቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነበረ። እኛ ግን ጊዜው ገና በእጃችን ነው። ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ ባያችሁ ቍጥር ያቺን የ22 ዓመት ነርስ አስቡ፤ ወደ ክፍላችሁም ገብታችሁ ይከብድሻል የተባላችሁትን መጽሐፍ ግለጡ።